ዳጉ የማያውቁ መጽሔቶች



ባለፈው ወር በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ አንድ ጓደኛችን ከአንድ የባሕር ማዶ ወግ አጥባቂ መጽሔት ያገኘውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ አነበበልን። ጽሑፉ ስለ ስደተኞች ነበር። ፍሬ ነገሩም ባጭሩ፥ ስደተኛው እንደ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ በሩ ቶሎ ካልተዘጋ ቤቱ ለባለቤቱ አይተርፍም የሚል ነው። አነባበቡ ያማረ፥ ትርጉሙም የሠመረ ስለ ነበረ የአዳራሹ ግማሽ አጨበጨበ። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን፤ ይህን ልንደብቅ አይገባንም።

ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የነበረ አንድ የወሎ ልጅ ግን ሳያጨበጭብ ተነሥቶ ወጣ። የወጣበትን ምክንያት የሰማነው በማግሥቱ ነው። ታናሽ ወንድሙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካለት ቀርቶ፥ በደላላ እጅ በዚሁ በሰመራ በኩል አልፎ ወደ ኦቦክ ከወረደ ስምንት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ጽሑፉን የተረጐመልን ደግሞ ከእርሱ ጋር በአንድ መኝታ ክፍል የሚያድር ባልንጀራው ነው። የወንድሙን ነገር አያውቅም ነበር፤ ጠይቆት አያውቅምና።

ይህን የምንጽፈው ተርጓሚውን ለማሳፈር አይደለም። እርሱ ያነበበውን እኛ አጨብጭበንለታልና ጥፋት ካለ የጋራችን ነው። ነገር ግን ነገሩ ስለ ከነከነን፥ ከዚያ ምሽት ወዲህ እነዚህ መጽሔቶችና ጋዜጦች ስለ ስደተኛና ስለ ባዕድ አገር የጎሣ ጦርነት ሲጽፉ ምን ዓይነት ልማድ እንዳላቸው ስናገላብጥ ሰነበትን። ያገኘነውን ለእናንተ ልናካፍል ወደድን።

በመጀመሪያ ንቀት ይቅር። ወግ አጥባቂዎቹ መጽሔቶች ትናንት የበቀሉ አይደሉም። በለንደን የሚታተመው ስፔክቴተር እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ያለ ነው። የአሜሪካውን ናሽናል ሪቪው ዊልያም በክሊ እ.ኤ.አ. በ1955 አቋቋመው። ጸሐፊዎቻቸው የተማሩ፥ ብዕራቸውም የሰላ ነው። ተማሪ የሚወዳቸው ስለዚህ ነው፤ እኛም ብንሆን ከእነርሱ የምንማረው አናጣም።

የሆነ ሆኖ ብዙ ጊዜ የምናይባቸው አንድ ልማድ አለ። ስለ ስደተኛ በአንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት በሌላ ገጽ ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስደተኛው ታሪኩ የሚጀምረው ከወደቡ ነው። ከዚያ በፊት እናት፥ መንደር፥ የተቃጠለ ጎተራ አልነበረውም። ቁጥር ሆኖ ይመጣል፥ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ጦርነቱ «ከጥንት የመጣ ጥላቻ» ነው። ምክንያት የሌለው ስለ ሆነ መድኀኒትም የለውም፤ ማንም አይጠየቅበትም። ሁለቱ ገጾች በአንድ ክር ተሰፍተው ሳለ አይተዋወቁም። በ12ኛው ገጽ ላይ ቤቱ ሲቃጠል የታየው ሰው፥ በ20ኛው ገጽ ላይ በጀልባ የደረሰው ያው ሰው መሆኑን ለአንባቢው የሚነግረው የለም።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። የእነዚህ መጽሔቶች ስሕተት ድንበር ይጠበቅ ማለታቸው አይደለም። ስሕተታቸው አንዱን ሰው ለሁለት መክፈላቸው ነው። አንዱን ሰው ለሁለት የከፈለ ጸሐፊ በአንዱ ግማሽ ላይ ለመጨከን፥ በሌላው ግማሽ ላይ ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ ለማለፍ ይመቸዋል።

ይህን ለማየት ከሰመራ የተሻለ ቦታ የለም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ፥ በሎግያና በሰመራ አልፎ ጋላፊ የሚደርሰውን አስፋልት ሁላችንም እናውቀዋለን። መሐሉን የጅቡቲ ወደብ ከባድ መኪኖች ይዘውታል። ዳርና ዳሩን፥ በተለይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ የውሃ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ልጆች በእግራቸው ይሄዱበታል። ከወሎና ከራያ፥ ከትግራይ፥ ከአርሲና ከጅማ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ በዕድሜ ከእኛ ያንሳሉ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ ቈጠረው፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው የመን የደረሱት ሰዎች ከ138,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ሁሉም በእኛ መንገድ አላለፉም፤ በቦሳሶ በኩል የተሻገሩም አሉ። በእኛ መንገድ ያለፉት ግን እኛ ለፈተና ስናጠና በመስኮታችን ሥር ያለፉ ናቸው።

መጨረሻቸው ምን ሆነ? የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰንዓ ስደተኞች በታጐሩበት ቤት እሳት ተነሥቶ በዐሥሮች የሚቈጠሩ ሰዎች ተቃጠሉ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ፥ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደ ገደሉ አስታወቀ፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባበለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አካባቢ፥ በሁለት ሳምንት ልዩነት፥ ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጠሙ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን ጠረፍ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፍ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

የአፋር ምድር ጎርፍን ያውቀዋል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ ብዙ ሺሕ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ጎርፍ አይርበውም፤ ውሃ ስጡኝ ብሎ በር አያንኳኳም፤ እናቱ ስልክ ይዛ ሌሊቱን አትቀመጥለትም። ስለዚህ በመንገዳችን ዳር የሚሄደውን ልጅ ጎርፍ ብሎ የሚጠራ ጸሐፊ፥ ወይ ጎርፉን ወይ ልጁን አላየም።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ገጽ፥ ወደ «ጥንታዊ ጥላቻ» እንለፍ። የባዕድ አገር ጸሐፊ ስለ አፋርና ስለ ኢሳ ሲጽፍ፥ ሁለት አርብቶ አደር ጎሣዎች ከአባት ከአያት ጀምሮ ይዋጋሉ ብሎ ቢዘጋው ቀላል ነው። ፀቡ አሮጌ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን አሮጌው ፀብ እንዲህ የከፋው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዓመተ ምሕረት ያገኛል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻውን ጀመረ፤ ወደ ላይ በመተሐራ ሸንኮራው፥ በአሚባራ ጥጡ ተስፋፋ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ተከለለ። የተወሰደው መሬት የትኛው ነበር? በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አፋሩ የሚሸሽበት ዳርቻ ታጥሮ ጠበቀው፤ ሰውም ከብትም አለቀ።

እንዲህ ግጦሽና ውሃ ሲጠብብ ጎረቤት ከጎረቤት ይበልጥ ይጋፋል። በላዩ ላይ የጅቡቲው መንገድ መጣ። በመንገዱ ዳር የበቀሉት እንደ አዳይቱ፥ ኡንዱፎና ገዳማይቱ ያሉ ከተሞች ለንግድ፥ ለቀረጥና ለኮንትሮባንድ የሚፈለጉ ሆኑ። ክልሎች ሲካለሉ ደግሞ ያው ግጦሽ የአስተዳደር ወሰን ሆነና፥ የእረኛው ፀብ የሁለት ክልሎች ክርክር ሆነ። እንግዲህ ግድብ፥ እርሻ፥ መንገድና የወሰን መስመር ያለበትን ነገር «የጥንት ጥላቻ» ብሎ መጥራት፥ በሽታውን ሳይመረምሩ ዕድሉ ነው ብሎ በሽተኛውን መሸኘት ነው።

ይህ የሁለት ገጽ ልማድ አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ሊወርረን ሲሰናዳ፥ ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ወግ አጥባቂ ጋዜጣ ኢቭሊን ዎ የተባለውን ስመ ጥር ደራሲ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ጋዜጣውም ደራሲውም ለኢጣልያ ያደሉ ነበሩ። ደራሲው በ1936 ባወጣው መጽሐፉ፥ ኢትዮጵያ ሌሎች ሕዝቦችን በጉልበት የያዘች ኋላ ቀር አገር ናት፤ የኢጣልያ መምጣት ሥልጣኔ ነው የሚለውን አሳብ ደገፈ። የእኛ የውስጥ ችግር እውነት ነበረ፤ አልካደውም የሚል የለም። እርሱ ግን ያን እውነት ለወራሪ መጥረጊያ አደረገው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ባቡሩ በእኛው በአዋሽ ድልድይ ላይ አለፈ። ያን ቀን ንጉሥም ቢሆኑ ስደተኛ ነበሩ። ሌሎችም በየአቅጣጫው ወደ ጅቡቲ፥ ወደ ኬንያ፥ ወደ ሱዳንና ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በዤኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ሊሉ በቆሙ ጊዜ፥ በጉባኤው ውስጥ በፉጨትና በጩኸት ያወኳቸው የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ወታደሮች አልነበሩም። ብዕር የያዙ ሰዎች ነበሩ።

ያው ዴይሊ ሜይል ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 1938፥ ከሂትለር የሚሸሹት የጀርመን አይሁድ ወደ እንግሊዝ እየጎረፉ ነው ብሎ በትልቅ አርእስት ጻፈ። የኢጣልያን ወረራ ያመካኘው ገጽና አይሁድን በጎርፍ የመሰለው ገጽ የአንድ ጋዜጣ ገጾች ናቸው። ያን ጊዜም አንባቢው ሁለቱን እንዲያገናኝ አልተነገረውም።

ታዲያ ወግ አጥባቂ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ማስረጃውም ከዚያው ከኢቭሊን ዎ ቤት ይገኛል። ልጁ ኦበሮን ዎ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 በናይጄርያ የቢያፍራ ጦርነት በነበረ ጊዜ የስፔክቴተር የፖለቲካ ጸሐፊ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ናይጄል ሎሰን ነበር፤ ኋላ የወግ አጥባቂው መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ነው። ይህ መጽሔት ጦርነቱን የሩቅ ጎሣዎች ፀብ ነው ብሎ አላለፈውም። የእንግሊዝ መንግሥት ለናይጄርያ የሚሸጠውን መሣሪያና በከበባው የሚራቡትን ሕፃናት በአንድ ገጽ ላይ አገናኝቶ፥ የገዛ መንግሥቱን ወቀሰ። በቢያፍራ መገንጠል ላይ ማንም የወደደውን አሳብ ይያዝ፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። እኛ የምናደንቀው፥ ረሃቡ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ መልሱ ወደ ራሱ ደጅ ሲመራው ያልሸሸውን ጸሐፊ ነው። አባትና ልጅ ሁለቱም ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። የለያቸው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

የሚታረሙም አሉ። ናሽናል ሪቪው በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 1957 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ፥ በአሜሪካ ደቡብ ነጮቹ በቍጥር ባነሱበት ስፍራ ጭምር ሊገዙ ይገባቸዋል ብሎ ነበር። በክሊ በስተርጅናው፥ እ.ኤ.አ. በ2004፥ ተሳስቼ ነበር ብሎ አመነ። ማመኑ ያስከብረዋል። ነገር ግን በመካከሉ 47 ዓመት አለ። መጽሔት ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው አዘጋጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር።

ቃል ሲበላሽ ምን እንደሚያመጣም እናውቃለን። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ዘ ሰን በተባለው የለንደን ጋዜጣ አንዲት ዓምደኛ በባሕር የሚመጡትን ስደተኞች በበረሮ መስላ ጻፈች። በዚያው ሳምንት በሜዲትራንያን ባሕር አንድ መርከብ ሰጥሞ ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ሚያዝያ 11 ቀን ደግሞ በሊቢያ የእስላማዊ መንግሥት ነን ባዮች ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድሉ የሚያሳየው ምስል ወጣ። ከእነርሱ መካከል ወደ አውሮፓ ለመሻገር ተስፋ አድርገው ከአዲስ አበባ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ያን ቀን በአገራችን ያልተለቀሰበት ሰፈር የለም። በአንዱ ገጽ በረሮ፥ በሌላው ገጽ ሰማዕት። ሰዎቹ ግን አንድ ነበሩ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽነር የነበሩት ዘይድ ራአድ አል ሑሴን ያን ጽሑፍ ሲያወግዙ የሩዋንዳውን ካንጉራን አስታወሱ። ካንጉራ መጽሔት ነበረ። በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1990 «የሁቱ ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን አትሞ ነበር፤ ሕዝቡ በ1994 ታረደ። አዘጋጁን በአሩሻ የተቀመጠው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ጥፋተኛ ብሎ ፈረደበት። እኛ ሁሉ መጽሔት ካንጉራ ነው አላልንም። ነገር ግን ካንጉራም የተዘጋጀው በጠረጴዛ ላይ፥ በብዕር ነበር።

ወግ አጥባቂው ወዳጃችን በዚህ ላይ ይመልስልናል፤ መልሱም በሚገባ ሊደመጥ ይገባል። ድንበር የሌለው መንግሥት መንግሥት አይደለም፤ ድንገት የሚመጣ ብዙ ሰው የድኻውን ደመወዝ ያወርዳል፤ ወግና ልማድ በአንድ ትውልድ አይሠራምና እንደ ዕቃ አይጣልም ይላል። እውነት አለው። የአድዋ ልጆች ሆነን ድንበር ከንቱ ነው የምንል አይደለንም። ወግ መጠበቅም በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። በሩ ምን ያህል ይከፈት የሚለው ጥያቄ የእያንዳንዱ አገር ሕዝብ ጥያቄ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንመልሳለን። አንደኛው፥ በሩን መጠበቅና በበሩ ላይ ስለ ቆመው ሰው መዋሸት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው፥ ሸክሙን እነርሱ ብቻ የተሸከሙት አይምሰላቸው። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፥ ከሶማሊያ፥ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞች አስጠግታለች። የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110/2011 ደግሞ ሥራ እንዲሠሩና ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀደ። እዚሁ አጠገባችን በአሳይታ ከኤርትራ የመጡ አፋሮች አሉ። በጥር 2014 ዓ.ም. በበርሀሌ የነበረው መጠለያ በጦርነቱ ሲጠቃ ስደተኞቹ ዳግመኛ ተሰደዱና ብዙዎቹ በሰርዶ ሰፈሩ። አፋር ሀብታም ክልል አይደለም፤ ግን ቤቱ ሞልቷል ብሎ አልመለሳቸውም።

በነገራችን ላይ ከዚህ ሸለቆ ወጥታ የባሕር ማዶን በር ያለ ጭቅጭቅ ያስከፈተች አንዲት ወገናችን አለች። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ሄዳ እስከ 2013 ቆይታ ተመልሳለች። የባንክ ደብተርሽን አሳዪ ያላት የለም፤ እንዲያውም ሊያይዋት ገንዘብ ከፈሉ። ለአፋር ሰው ቪዛው የሚሰጠው ሦስት ሚሊዮን ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ብለን ብንቀልድ ማን ይፈርድብናል?

አሁን ቀልዱን እንተወውና ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ክፍል ይህ ነውና። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በጋሊኮማ ተፈናቃዮች ተጠልለውበት የነበረ የጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ሲጠቃ፥ ከ100 በላይ ሕፃናት ያሉባቸው ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ዩኒሴፍ የደረሰውን ዘገባ ጠቅሶ አስታወቀ። ዓለም ስለ እነርሱ የጻፈው ጥቂት መስመር ነው። ለዚያ ተቈጥተናል፤ ቍጣችንም ትክክል ነበረ።

በዚያው ጦርነት ግን፥ በ2014 ዓ.ም.፥ ከአብአላና ከአካባቢው የመጡ በሺዎች የሚቈጠሩ የትግራይ ተወላጆች በዚህ በሰመራና በአጋቲና መጠለያዎች ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው ተይዘው እንደ ነበር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ አላደረግነውም። ይሁን እንጂ ዛሬ በመኝታ ክፍላችን ይህ ነገር ሲነሣ የምንሰጠው መልስ ምንድን ነው? «እነርሱስ በጋሊኮማ?» እንላለን። ሌላው ደግሞ «እናንተስ?» ብሎ ይመልሳል። የእኛ ሙታን በአንድ ገጽ፥ የእነርሱ እስረኞች በሌላ ገጽ። ይህ እንግዲህ ከባሕር ማዶው መጽሔት በምን ይለያል? በጋሊኮማ የሞተው ሕፃን በአጋቲና የታሰረችውን እናት አላስቀየመም፤ እርስዋም አልገደለችውም።

ይህ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በፌስቡክ ላይ ስሙና ፎቶግራፉ በሐሰት ክስ ከተሠራጨ በኋላ በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ክሱ በቤተሰቡ በኩል ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ካሠራጩት መካከል እንደ እኛ የተማሩ እንደማይጠፉ የታወቀ ነው።

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ከሩቅ ልንፈልገው አይገባም። ከእኛ መካከል ከደጋ የመጣን ሰዎች ሰመራ በደረስንበት ዓመት ካየናቸው ነገሮች ሁሉ የገረመን ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ዝም ብለው አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ? በመንገድህ ምን አየህ? ዝናቡ፥ ግጦሹ፥ ውሃው እንዴት ነው? ማን ሞተ? የት ተጣሉ? በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከሰማህ ከማን ሰማህ? ተናጋሪው ሳይቋረጥ ይናገራል፤ ሰሚው የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉን ያበላሸ ሰው በጎሣው ፊት ይዋረዳል፤ ይቀጣልም። በዳጉ የተሳሳተ ወሬ ሰውንና ከብትን ወደ ደረቀ ጉድጓድ ይመራልና።

ልብ ብሎ ላየው፥ በዳጉ ሥርዓት ሰውን ለሁለት መክፈል አይቻልም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት መጣህ?» ነው። ያ ጥያቄ በተጠየቀበት ገጽ ላይ ጦርነቱና ስደቱ ወዲያው ይገናኛሉ። በትላልቅ ሕንፃዎች የሚዘጋጁት መጽሔቶች ያጡት፥ ግመል ጠባቂው ያለው ዕውቀት ይህ ነው።

ስለዚህ የመጽሔታችንን አዘጋጆችና በመጽሔታችን የምንጽፈውን ሁሉ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ ስለ ስደተኛ ወይም ስለ ተፈናቃይ የሚጻፍ ጽሑፍ ሰውየው ከየት እንደ መጣና ምን እንዳስወጣው ሳይናገር አይታተም። ሁለተኛ፥ «የጥንት ጥላቻ» የሚል ቃል ያለ ዓመተ ምሕረትና ያለ ምክንያት አይለፍ፤ ማን መሬቱን ወሰደ፥ መቼ፥ በማን ትእዛዝ ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፥ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገር። ከባሕር ማዶ መጽሔት መተርጐም አይከልከል፤ ይልቁንም ይብዛ። ግን ተርጓሚው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለባዕዱም ጸሐፊ ያቅርብለት።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለሁለቱ ጓደኞቻችን አሳየናቸው። ተርጓሚው አንብቦ ሲጨርስ፥ ስሙን እንድንጽፍ ፈቀደልን፤ እኛ ግን አልጻፍነውም። የወሎው ልጅ ደግሞ አንድ እርማት ብቻ ሰጠን። ወንድሙ ከሄደ ስምንት ወር አይደለም፤ ስምንት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ነው አለን። ሁለቱ አሁንም በአንድ ክፍል ያድራሉ። በሚቀጥለው የውይይት ምሽት የሚናገረው የወሎው ልጅ ነው። ስለ ድንበር ሕግ ያላችሁ አሳብ ምንም ይሁን ምን ኑና ተቀመጡ፤ እስኪጨርስም አታቋርጡት።